«ጥሬ ነው» የሚለኝ ሰው

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለሽ አንድም ቀን ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን ምን አስጻፈኝ? አንቺም ፊደል አልቆጠርሽም። እኔን ግን ሸክላ በጀርባሽ እያዘልሽ፣ ገበያ እየወጣሽ አስረኛ ክፍል አድርሰሽኛል። በዚያው በአንቺ ድካም ባወቅሁት ፊደል ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ለሌላ ሰው ልነግረው ያልቻልኩት ነገር አለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ግቢው ደኅና ነው። ባለቤቴ አዲሱ አሁንም ይሸምናል፤ ዕቃውን ከዝናብ ለማዳን ብሎ ከጓሮ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። ገበያ የምንሄደው እንደ ድሮው አዝለን አይደለም፤ ባጃጅ በሩ ድረስ ይመጣል፣ ሸክላውን ገለባ ጎዝጉዤ እጭንበታለሁ። ወረታ መኪናው በዝቷል፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መሻገር ራሱ ሥራ ሆኗል። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀመጠው ያው አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ዋርካ ሥር ነው። ለሙት ዓመትሽ ጣራ ገዳም ድረስ ሄጄ ስምሽን አስጠርቻለሁ።

ሜዳውን ብታዪው አታውቂውም። ከብት ይውልበት የነበረው ሣር ሁሉ ታርሶ ሩዝ ሆኗል። ሰዉ ጠግቧል፣ ክፉ አልልም። ከብቱ ግን ቀነሰ፣ ኩበቱም አብሮት ቀነሰ። የእኔም ነገር የተበላሸው ከዚያ ነው።

አንቺ በጋ በገባ ቁጥር ጆንያሽን ትይዥና ከደጅ ደጅ ኩበት ትለምኚ ነበር። የሚሰጥሽ ነበር፣ ከበር የሚመልስሽም ነበር፤ አንቺ ግን ምንም ሳይመስልሽ ወደሚቀጥለው ቤት ታልፊያለሽ። ታመሽ የተኛሽ ጊዜ ጆንያውን እኔ ይዤ ወጣሁ። ሦስተኛው ቤት ላይ ሴትዮዋ በሩን እንኳ ሳትከፍት የለንም አለችኝ። ኩበቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይታየኛል። ፊቴ ተቃጠለ። ባዶ ጆንያዬን ይዤ ተመለስኩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸክላውን በሩዝ ገለባ መተኮስ ያዝኩ። ገለባ በየሜዳው የወደቀ ነው፣ ማንንም አያስለምንም። እሳቱም ሲያዩት ያምራል፣ ቦግ ይላል። እንደ ኩበት ግን ሙቀቱን ይዞ አይቆይም። ሸክላው ላዩ ቀልቶ ይወጣል፣ ውስጡ ሳይበስል ይቀራል።

ይህን እንዲህ አጥርቼ የምጽፈው ዛሬ ነው። ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም።

አንቺ ብትኖሪ በአንድ ጣት ትጨርሺው ነበር። ከእሳት የወጣውን ሁሉ በጣትሽ አጥንት ትመቺና ጆሮሽን ጠጋ ታደርጊያለሽ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ዝም ብለሽ ታልፊዋለሽ፤ ድምፁ ከፈዘዘ «ጥሬ ነው» ትያለሽ። ሌላ ቃል የለሽም። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ የመጀመሪያዋን ድስቴን ገበያ ያወጣሁ ዕለት ትዝ ይልሻል? አንዲት ሴት ድስቷን አንስታ ስታገላብጣት፣ አንቺ ከእጇ ተቀብለሽ፣ በሰው ፊት፣ የልጄ ሥራ ነው፣ ጥሬ ነው፣ አትውሰጂው አልሻት። ሁለት ቀን አላናገርኩሽም። እናት ናት ወይ ይህች እያልኩ አልቅሻለሁ። አንቺም አላባበልሽኝም። በሦስተኛው ቀን ጠርተሽ ኩበቱ ከሥር እንዴት እንደሚደረደር፣ ከላይ በምን እንደሚሸፈን አሳየሽኝ፤ ስለ ድስቷ ግን አንድ ቃል አልተናገርሽም።

ስትሄጂ ያ ቃልሽም አብሮሽ ሄደ። የሚተካው አላገኘሁም።

ካረፍሽ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዓመት ደንበኞችሽ እየመጡ ገዙኝ። በሁለተኛው ዓመት ቀነሱ። ሲያልፉ እጠራቸዋለሁ፣ ያለፈው ድስት እንዴት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሁሉም በጣም ጥሩ ነው፣ እጅሽ ይባረክ ይሉኛል። ይህን ብለው ወደ ብረት ድስቱ መደብር ይሄዳሉ። አንዷን እንደ እህቴ የማያትን ሴት እጇን ይዤ፣ እባክሽ ጉድለቱን ንገሪኝ አልኳት። እንዲህ ስላት ምን ሆነች መሰለሽ? ፊቷ ተለወጠ። ምንም ጉድለት የለውም፣ ምንም፣ ምንም እያለች እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣች።

ለምን እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሸክላ ሠሪ ናትና ዓይኗ ይጎዳል፣ ካኮረፈች ልጅ ይታመማል፣ ላም ትነጥፋለች ይላሉ። ፊት ለፊት ቡዳ ያለኝ ሰው የለም፤ ግን ሳልፍ ሕፃን በነጠላ ይሸፈናል። እንዲህ ያለ ሰው ሥራሽ መጥፎ ነው ብሎ ሊያስቀይመኝ አይደፍርም። ባልጠይቅ አላውቅም፤ ብጠይቅ ይፈሩኝና ይዋሹኛል። ይበልጥ በለመንኳቸው ቁጥር ይበልጥ ያመሰግኑኛል። ውዳሴው እንደ አጥር ዙሪያዬን ከበበኝ፣ መውጫው ጠፋኝ። ቤት ስገባ ደግሞ አዲሱ አለ። እሱ ይወደኛል። አንዱን አንስቼ ባሳየሁት ቁጥር ያማረ ነው ይለኛል፤ እንኳን ሸክላውን እኔንም በቅጡ ሳያይ።

ጥር ላይ ወገቤ ተያዘና ወንዛዬ ሄድኩ። አንቺን ለጉልበትሽ ወስጄሽ የነበረው ፍል ውሃ ነው። ያኔ እንፋሎቱን ፈርተሽ ዳር ላይ ቁጭ ብለሽ እግርሽን ብቻ ነክረሽ ስትስቂ ነበር። አሁን ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አያውቀኝም። ሰው የማያውቀኝ ቦታ መሆን እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሴቶቹ ውሃ ውስጥ ሦስት ሆንን። አንዷ ወይዘሮ የሺ ናቸው፤ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከርብ ዳር የመጡ ባልቴት። ሌላዋ ልታስታምማቸው አብራቸው የመጣች የወንድማቸው ሚስት ናት። ከየት ነሽ ሲሉኝ ከወረታ አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልተጠየቅሁም። ወይዘሮ የሺ ጨዋታ ያውቃሉ። ስለ ባላቸው ተዝካር ማውራት ጀመሩ። ለተዝካሩ የጠመቁት ጠላ ጋኑ ሲያፈስ አድሮ፣ ጠዋት ቢከፍቱት ከግማሽ በታች ሆኖ፣ ወለሉ ጭቃ ሆኖ እንደጠበቃቸው ነገሩኝ። ካህናቱ እየመጡ ነው፣ ሰዉ እየመጣ ነው፣ እሳቸው ከጎረቤት ጠላ ይለምናሉ። የባሌን ነፍስ ያዋረድኩ ያህል ተሰማኝ አሉ።

ጋኑን ከማን እንደገዙት ጠየቅሁ።

«ዋርካው ሥር ከምትሸጠው፣ ከትርንጎ ልጅ» አሉኝ።

ስምሽን ስሰማ መውጣት ነበረብኝ። ግን ነጠላዬ በእነሱ በኩል ድንጋይ ላይ ነው ያለው፤ ለመውሰድ እጄን መዘርጋት አለብኝ፤ እጄን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በጥፍሩ ሥርና በስንጥቁ ውስጥ ያለው አፈር በምንም ውሃ አይለቅም። እጄን ከውሃው በታች ይዤ ተቀመጥኩ። ፍል ውሃው ልቤ ድረስ የገባ መሰለኝ። መውጣት አልቻልኩም፣ መቀመጥም አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየደጁ የፈለግሁት ነገር አሁን በራሱ ጊዜ እየተነገረኝ ነው፤ የሚነግሩኝ ግን እኔ መሆኔን ሳያውቁ ነው።

የሸክላው ክፋት ምኑ ላይ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ወይዘሮ የሺም ሳይሳሱ ነገሩኝ። ጥሬ ነው አሉ። ላዩ ቀልቶ ያታልላል፣ ውስጡ አልበሰለም። እናቷ ሰው አትደልልም ነበር፣ ይህ ላንቺ አይሆንም፣ ያኛውን ውሰጂ ትል ነበር፤ ልጅቱ ግን ሁሉንም ደኅና ነው እያለች ትሸጣለች። አንገቷን ደፍታ ነው የምትሸጠው፣ ዓይኗን ወደ ሰው አታነሳም፣ ፊቷን እንኳ ለይቼ አላውቀውም፤ ወይ ንቃናለች፣ ወይ ሥራዋን ታውቀዋለች አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?» አልኳቸው።

የወንድማቸው ሚስት ሳቀች። «ማን ይነግራታል? ልጆች አሉን እኮ።»

እማዬ፣ እኔ ዓይኔን የማላነሳው እንዳይፈሩኝ ብዬ ነበር። ሕፃን ሲያልፍ መሬት የማየው እናቱ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እነሱ ግን ንቀት አድርገው አዩት። ይህን አላውቅም ነበር። ማን ነግሮኝ?

ለምን እንዳደረግሁት እስካሁን አይገባኝም፤ እጄን ከውሃው አወጣሁና የትርንጎ ልጅ እኔ ነኝ አልኳቸው።

የወንድማቸው ሚስት አማተበች። ልብሷን እንኳ ሳትጨምቅ እየተንጠባጠበች ወጥታ ሄደች። ወይዘሮ የሺም ሊነሱ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እንቢ አላቸው። ጠርዙን ይዘው ዳግመኛ ሞከሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለታችን ቀረን። እኔ ከእሳቸው ፊት አልፌ ካልሆነ አልወጣም፤ እሳቸው ያለ ሰው እጅ አይነሱም።

ከዚያ ቀልዴን ነው የኔ ልጅ፣ ጋኑ እንኳ ደኅና ነበር፣ ምናልባት የኛው ሰው ሲያወርደው ሰንጥቆት ይሆናል አሉኝ። እመኚኝ፣ ከተናገሩት ሁሉ ያ ነው የጎዳኝ። ያገኘሁትን ከእጄ ሊወስዱብኝ ነው። እንባዬ መጣ።

«እባክዎ አይመልሱት» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት የለመንኩት እሱን ነው። እርስዎን የምቀየምበት ልብ የለኝም።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ አንቺ፣ ያችን ቃል ደገሟት፤ ጥሬ ነው አሉኝ። ጨመሩም፤ «አንቺስ አታውቂም ኖሯል?»

አልመለስኩላቸውም። ለአንቺ ልመልስልሽ። አውቅ ነበር። ጣቴ እንደ ጣትሽ ነው፣ ጆሮዬም አልደነቆረም። ከእሳት ያወጣሁትን ሁሉ እንዳስተማርሽኝ እመታው ነበር፤ የፈዘዘውን ድምፅ እሰማው ነበር። ሰምቼ ገለባ ጎዝጉዤ ባጃጅ ላይ እጭነዋለሁ። ገበያ ላይ ደኅና ነው ወይ ሲሉኝ ደኅና ነው እላለሁ። ሰው ሁሉ ዋሸኝ ብዬ እያለቀስኩ ቀድሜ የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። እነሱ እኔን ፈርተው፣ እኔ ደግሞ ያንን ያልተከፈተ በር ፈርቼ።

ወይዘሮ የሺን ከውሃው ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። እጄን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው አስቀድመው ነጠላቸውን ከድንጋዩ ላይ ሳብ አድርገው መዳፋቸውን ጠቀለሉበት፣ ከዚያ ያዙኝ። እንደዚያ በነጠላው ላይ ተያይዘን ወጣን። አልተቀየምኳቸውም። ትንሽ ተቀይሜያለሁ። እውነቱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት።

ቤት ስመለስ አዲሱን አስቀምጬ ጠየቅሁት። ሸክላዬ እንዴት ነው አልኩት፤ ያማረ ነው አለኝ። ወንዛዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባና የውሃ ማሰሮው ያለበትን ቦታ አሳየኝ። ማሰሮው የእኔ ሥራ ነው፣ አንቺ ካረፍሽ ወዲህ የሠራሁት። ከሥሩ ጨርቅ አለ፣ ጨርቁ ረጥቧል። ለወራት ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድሞ እየተነሳ ከሥር የፈሰሰውን ይጠርግ፣ ጨርቁን ይቀይር ነበር። ሐዘን ላይ ነሽ ብዬ ነው አለኝ። ሐዘኑ መቼ እንዲያልቅ ትጠብቅ ነበር አልኩት። እሱን አላሰብኩትም አለ። ተናድጄበት ሊመሽ ሲል ድረስ ጓሮ ተቀመጥኩ። የሚጠላኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቶሎ ይነግረኝ ነበር አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች የነበረኝን ሸክላ ለይቼ ገበያ አወጣሁ። ዓይኔን አንስቼ፣ ይህ ጥሬ ነው፣ እህል ማስቀመጫ ይሆናል እንጂ ለወጥም ለጠላም አይሆንም ማለት ጀመርኩ። የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። ሰዉ ግን ይበልጥ ራቀኝ። ሸክላ ሠሪዋ የገዛ ዕቃዋን እየተራገመች ነው፣ ሐዘኑ ናላዋን አዙሮታል ተባለ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ቅመም ሻጭ ዕቃዋን አንስታ ወደ ማዶ ተሻገረች። አንድ ሙሉ ቅዳሜ አንድም ሰው ሳያናግረኝ ውዬ፣ የወሰድኩትን ይዤ ተመልሻለሁ። እውነቱን ስደብቅ ታጥሬ ነበር፤ እውነቱን ስናገርም አጥሩ አልተነሳም።

ጆንያሽን ዳግመኛ ይዤ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሰጡኝ ሰጡኝ፣ የመለሱኝ መለሱኝ። ልለምን ስወጣ ፊቴ አሁንም ይቃጠላል፤ ለመድኩት ብዬ አልዋሽሽም። መጋቢት መጨረሻ ላይ በኩበት ተኮስኩ፣ ከሥር ደርድሬ፣ ከላይ አፍኜ፣ እስኪበርድ ሳልነካው። አሥራ ስድስት አወጣሁ። አምስቱ ፈዘዙብኝ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወይዘሮ የሺ ገበያ መጡ። ከሩቅ አየኋቸው፤ በዱላ እያነከሱ ነው። የሚያልፉ መስሎኝ ነበር። ዋርካው ሥር መጥተው ከፊቴ ቆሙ፤ እኔን ሰላም አላሉም። ጎንበስ ብለው አንድ ጋን በጣታቸው መቱ። ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። ቀጥለው ድስቶቹን መቱ፣ አንዱን፣ ሌላውን።

«ይህ ጥሬ ነው» አሉ፣ ጮክ ብለው። «ይህ ደኅና ነው። ይህም ደኅና ነው። ይኸኛው ከንፈሩ ወፍሯል፣ እናትሽ እንዲህ አታወፍርም።»

ጥሬ ያሉት እኔም ለይቼ ወደ ጎን ካደረግኋቸው አንዱ ነበር። የከንፈሩን መወፈር ግን አላየሁትም ነበር። አንስቼ በጣቴ ዳሰስኩት፤ እውነታቸውን ነው። እውነትዎን ነው አልኳቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ። ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ ግን በግራ እጃቸው የአንገታቸውን ማተብ እንደያዙ ነበር፣ ሲናገሩም አልለቀቁትም። እየፈሩኝ ነበር የተናገሩት። እንዲያ የፈራ ሰው እውነት ሲናገር አይቼ አላውቅም። ደኅና ያሉትን ጋን ገዝተው አሸክመው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉድለት ነግረውኛል። ቤቴ ግን ግቡ ብላቸው አይገቡም፣ ውሃ ብሰጣቸው አይጠጡም። ቅመም ሻጯም ከማዶ አልተመለሰችም። ይህ ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልጽፍልሽም።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። እስካሁን የዞርኩት እዚህ ላለመድረስ ነው።

ልታርፊ ሦስት ቀን ሲቀርሽ አንዲት ትንሽ ድስት አልጋሽ ድረስ ይዤልሽ መጣሁ። በገለባ የተኮስኳት የመጀመሪያዋ ናት። በጣትሽ መታሻት። እኔም ሰማሁት፣ ፈዘዘ። አንቺ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ «ደኅና ነው ልጄ» አልሽኝ። በሕይወትሽ ሥራዬን ያመሰገንሽው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ድምፁን ትቼ ቃልሽን ያዝኩ። በዚያች ቃል ሁለት ዓመት ተኮስኩ። ጆሮዬ ጥሬ ነው ባለኝ ቁጥር እናቴ ደኅና ነው ብላለች እለዋለሁ።

ጆሮሽ ደክሞ ነው? ወይስ ሰምተሽ፣ ልጄን በመጨረሻ አላስከፋም ብለሽ? ገበያውን ሁሉ መጠየቅ እችላለሁ፤ ይህን የምጠይቀው ግን አንቺን ብቻ ነው፣ አንቺም የለሽም። ከዚህ መውጫ የለኝም፣ አብሬው እኖራለሁ።

ግን ቃል ልግባልሽ። ሰው ስለ አንቺ ሲያወራ ደግ ነበረች ብሎ ሲያልፍ፣ እኔ ምላሷ አይምርም ነበር እላለሁ። በገበያ መሀል ያሳፈርሽኝን ቀን አልረሳም፤ ኩበት የደረደርሽበትን እጅሽን አልረሳም። እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ሳስተሽልኝ የዋሸሽኝ አንድ ቀን ካለም፣ እሱንም ሳላሳምር፣ ከሌሎቹ ሳልለይ አስታውሰዋለሁ።

ልጅሽ ሙሉ